ተራሮችን የቈጠሩት ሰው፤ የሰር ሂው መንሮ ታሪክ



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ውስጥ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ታላላቅ ሊቃውንት ጽፈዋል። እኛ የመረጥናቸው ሰው ግን አገር ያላቀኑ፥ ጦር ያላሸነፉ፥ አዲስ መድኀኒትም ያላገኙ ናቸው። ስማቸውን ያስጠራላቸው ሥራ ተራራ መቍጠር ነው። ይህን ስንናገር ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስቀውብናል፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ስቀን ስለ ነበር አንቀየማቸውም።

እኚህን ሰው እንድንመርጥ ያደረገን በክፍላችን የደረሰብን አንድ ትንሽ ኀፍረት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ቀን ገብተው፥ በኢትዮጵያ ከ4000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ስንት ናቸው ብለው ጠየቁን። ራስ ዳሸንን ያልጠራ አልነበረም። ቀጥሎ አንዱ ቧሂትን፥ አንዱ ጉናን፥ ሌላው አቡነ ዮሴፍን ጠራ። የጎጃሙ ልጅ ጮቄን፥ የባሌው ልጅ ቱሉ ዲምቱን ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ፥ በተራራ አገር ተወልደን ያደግን ልጆች ስድስት ተራራ ቈጥረን ደከመን። መምህራችን አልተቈጡም። ነገር ግን ከዛሬ 130 ዓመት በላይ አስቀድሞ የስኮትላንድ ሰዎች እንደ እኛው እንደ ነበሩና አንድ ሰው ተነሥተው ከዚህ ኀፍረት እንዳወጧቸው አጫወቱን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኚህን ሰው ታሪክ ስንፈልግ ቈየን፤ ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰር ሂው ቶማስ መንሮ በ1856 ዓ.ም. ኦክቶበር 16 ቀን በለንደን ከተማ ተወለዱ። የቤቱ የበኵር ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው በኋላ ስምንት ወንድሞችና እኅቶች ተወልደዋል። አባታቸው ሰር ካምቤል መንሮ ባሮኔት የሚባለውን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ማዕረግ የያዙ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰቡም በምሥራቅ ስኮትላንድ፥ ኪሪሚዩር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ ሊንደርቲስ የሚባል ሰፊ ርስት ነበረው። ሂው መንሮ በለንደንና በዚህ ርስት መካከል እየተመላለሱ አደጉ። ከርስቱ ሜዳ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው የተራሮቹን መስመር ያያል።

ከልጅነታቸው ጀምሮ የመሰብሰብ ፍቅር ነበረባቸው። የወፍ እንቍላል፥ ቢራቢሮ፥ የባሕር ዛጎል፥ ድንጋይ ሆኖ የቀረ የጥንት እንስሳ ዐፅም፥ ያገኙትን ሁሉ እየለቀሙ በየወገኑ ይደረድሩ ነበር። ከመካከላችን የፖስታ ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ይህን ዐመል ያውቀዋል። አንድ ቴምብር የጐደለ እንደ ሆነ፥ በደብተሩ ያሉት መቶዎቹ ቴምብሮች ዕንቅልፍ አይሰጡም። የኚህን ሰው የኋላ ሥራ ለመረዳት የሚሻ ከዚህ ዐመል መጀመር አለበት ብለን እናስባለን።

በ17 ዓመታቸው ጀርመንኛ እንዲማሩ ወደ ሽቱትጋርት ተላኩ። ከዚያም ሳሉ በአልፕስ ተራሮች ላይ መውጣት ጀመሩ፤ የተራራ ፍቅርም በዚያው ገባባቸው። ቋንቋውን ምን ያህል እንደ ተማሩ ያነበብነው ነገር የለም፤ ተራራውን ግን አልረሱትም።

በ1880 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው የናታል አገረ ገዥ ለነበሩት ለሰር ጆርጅ ኮሊ የግል ጸሓፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት የኬፕ መንግሥት የባሱቶ ሕዝብ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ ስላዘዘ፥ ያ ሕዝብም እምቢ ስላለ ጦርነት ተነሣ። መንሮ በፈቃዳቸው ከፈረሰኞች ጋራ ዘመቱ። እኛ አፍሪካውያን ተማሪዎች ይህን ክፍል ስናነብ ልባችን ከባሱቶዎች ጋራ መሆኑን አንደብቅም። እነዚያ ሰዎች ተራራቸውን ምሽግ አድርገው ተከላከሉ፤ በ1881 ሰላም ሲወርድም ጠመንጃቸው በእጃቸው ቀረ። ዛሬ አገራቸው ሌሶቶ ተብላ ራስዋን የቻለች መንግሥት ናት። በዚያው በ1881 የመንሮ አለቃ የነበሩት ሰር ጆርጅ ኮሊ ከቦየሮች ጋራ ሲዋጉ ማጁባ በሚባል ኮረብታ አናት ላይ ተገደሉ። መንሮ ግን በደኅና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከተመለሱም በኋላ የሊንደርቲስን ርስት መጠበቅ ሥራቸው ሆነ። በ1885 ለፓርላማ ለመመረጥ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እጩ ሆነው ቀረቡ፤ የቀረቡበት የከርኮዲ ወረዳ ግን የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ስፍራ ስለ ነበር ተሸነፉ። የመንግሥት ደብዳቤ ይዘው ወደ ውጭ አገር የሚመላለሱ መልእክተኛም ሆነው ሠርተዋል። ሙዚቃና ጭፈራ ይወዱ ነበር፤ ዋሽንትም ይነፉ ነበር። በፎቶግራፍ እንደምናያቸው ጢማም ሰው ናቸው፤ የስኮትላንዶችን ባለ ሽንሽን ቀሚስ ታጥቀው፥ ክብ ቆብ ደፍተው፥ ከምርኩዝ የሚረዝም የበረዶ መጥረቢያ ይዘው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልገናል። የስኮትላንድ ተራሮች በቍጥር ሲታዩ ትንንሾች ናቸው። የሁሉም አለቃ የሆነው ቤን ኔቪስ ከፍታው 1345 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከተማ ራስዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ በገበያዋ የምትሄድ ባልቴት ሳታስበው ከቤን ኔቪስ አናት በላይ ትራመዳለች። ነገር ግን በዚህ መኩራራት አይገባንም። እነዚያ ተራሮች የሚነሡት ከባሕር ዳርቻ ወይም ከባሕሩ ብዙ ከማይርቅ ዝቅተኛ ሸለቆ ነው፤ ስለዚህ አቀበቱ ከእግር እስከ ራስ ሙሉ ነው። ስፍራውም ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ስለ ሆነ፥ በክረምት እጅግ አጭሩ ቀን 7 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ነፋሱ ሰውን ከቆመበት ያነሣል፤ ጉሙ በአንድ አፍታ ወርዶ መንገዱን ይሰውራል፤ በረዶውም ብዙ ወር ይተኛል። ይህን ንቀው ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በ1889 በግላስጎ ከተማ የስኮትላንድ የተራራ ወጭዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ መንሮም ከመሥራቾቹ አባሎች አንዱ ሆኑ። ማኅበሩ እንዲቋቋም በጋዜጣ የጻፈው ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ኋላ በ1892 አንድ የመንገድ ስሌት አወጣ፤ ይኸውም በእግር የሚሄድ ሰው ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፥ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይቈጥራል የሚል ነው። እኛም ስሌቱን ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሞክረነዋል። ስንቃችንን ለመብላት የተቀመጥንበትን ጊዜ ካልጨመርን ብዙ አልተሳሳተም።

የማኅበሩ መጽሔት በ1890 መታተም ጀመረ። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ተነሣ። የማኅበሩ ሰዎች በአገራቸው ከ3000 ጫማ በላይ የሆኑ ተራሮች ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ ፈለጉ። 3000 ጫማ ማለት 914 ሜትር ነው። ሌሎች ሰዎች ዝርዝር ለማውጣት መሞከራቸው ባይቀርም፥ የመንገደኞች መምሪያ መጻሕፍት የሚያውቋቸው 30 ያህል ብቻ ነበሩ። ሰውም ይህን አምኖ ተቀምጦ ነበር። ከባቡር ጣቢያና ከእንግዳ ማረፊያ የሚታዩት ተራሮች ስም ነበራቸው፤ ከእነርሱ በስተኋላ ያሉትን ግን ከእረኛና ከአጋዘን ጠባቂ በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ይህን ስናነብ ስለ ስድስቱ ተራሮቻችን አሰብን።

ሥራው ለመንሮ ተሰጠ። ካርታ በማንበብና በእግር በመሄድ ከሁሉ የተሻሉ መሆናቸው ታውቆ ነበርና።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ካርታውን ዘርግቶ ከ3000 የሚበልጠውን ቍጥር ሁሉ መልቀም ነው። እውነቱ ግን እንደዚህ አይደለም። የመንግሥት ቀያሾች ያወጡት ካርታ እጅግ የተጣራ ቢሆንም፥ ቀያሾቹ የሁሉን ተራራ ራስ ለክተው ቍጥር አልጻፉበትም። በብዙው ስፍራ የሚታየው የከፍታ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ተራራው ከዚህ በላይ መሆኑን ይናገራል እንጂ በምን ያህል እንደሚበልጥ አይናገርም። ጥቂት ጫማ ብቻ ከወሰኑ በላይ ወይም በታች የሆነ ተራራ ሲያጋጥም፥ ይግባ ወይስ ይቅር? መንሮ ባሮሜትር የተባለውን የአየር ግፊት መለኪያ በኪሳቸው ይዘው እየወጡ ይለኩ ነበር። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ከፍ ባልን ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ነገር ግን ደመና ሲመጣም ግፊቱ ስለሚለወጥ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መመለስ ያሳስታል፤ ደጋግሞ መለካት፥ ከፍታው ከታወቀ ስፍራም ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። ስሞቹ ደግሞ በጌልኛ ቋንቋ ናቸው፤ አንዱን ተራራ የዚህ ሸለቆ ሰው በአንድ ስም፥ የወዲያኛው ሸለቆ ሰው በሌላ ስም ሲጠራው ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ለመሆኑ ተራራ ምንድር ነው የሚል ነው። አንድ ረጅም ሸንተረር አራት ራስ ቢኖረው፥ አራት ወንድማማቾች ናቸው ወይስ አንድ ሰው ከነትከሻው ነው? መንሮ ለዚህ ቍርጥ ያለ ደንብ አላወጡም። በሁለቱ ራሶች መካከል ያለውን ርቀት፥ መካከላቸው የሚወርደውን ቁልቁለት፥ የስፍራውንም መልክ እያመዛዘኑ አንዱን ተራራ፥ ሌላውን ደግሞ የተራራ ጫፍ ብለው ለዩ። አንዳንድ ሰዎች ደንብ አለማውጣታቸውን እንደ ጥፋት ይቈጥሩባቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የቈየው ክርክር ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለ ሆነ ነቀፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኛ ግን፥ ሜትር ብቻ ይዞ ከሚፈርድ ሰው ይልቅ በእግሩ ሄዶ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይታመናል።

ዝርዝሩ በ1891 በመስከረም ወር በማኅበሩ መጽሔት ወጣ። ከ3000 ጫማ በላይ የሆኑ 538 ጫፎች ተመዝግበው ነበር፤ ከነዚህም ውስጥ 283ቱ ራሳቸውን የቻሉ ተራሮች ተባሉ። ሠላሳ ያህል ሲባሉ የኖሩት ተራሮች 283 ሆነው ተገኙ! ሁሉም በየስማቸው፥ በየከፍታቸውና በየካርታቸው ተራ በተራ ተጽፈው ነበር። አንባቢው ምን ያህል እንደ ተደነቀ መገመት አያዳግትም፤ በአገሩ እየኖረ አገሩ በእጥፍ ድርብ የጨመረለት ያህል ነውና። መንሮ ያን ጊዜ ገና 34 ዓመታቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሴሊና ባይርን የተባሉትን የጄኔራል ልጅ አገቡ። ባለቤታቸው ግን በ1902 ስለ ሞቱባቸው፥ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። ከ1894 እስከ 1897 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ጠረጴዛቸው ላይ አልተቀመጡም። እያንዳንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ለማረጋገጥ ተነሡ። ለዚህም ክረምቱን እጅግ ይወዱ ነበር፤ በበረዶ ላይ ብቻቸውን ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። በአንድ ሸለቆ ወጥተው በሌላ ሸለቆ መውረድ እንጂ በሄዱበት መመለስ አያስደስታቸውም ነበር። የሚደነቀው ግን በሌሊት መውጣታቸው ነው። በዚያ ዘመን የስኮትላንድን ደጋ ባለ ርስቶች ለአጋዘን አደን ከልለውት ነበር፤ ያለ ፈቃድ የሚያልፈውን መንገደኛ ጠባቂዎች ይመልሱት ነበር። ጄምስ ብራይስ የሚባሉ የፓርላማ አባል በ1884 ተራራው ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚል ሕግ ቢያቀርቡም አልጸናላቸውም። መንሮ ራሳቸው ባለ ርስት ስለ ነበሩ ከጎረቤቶቻቸው ጋራ መጣላት አልፈለጉም። ስለዚህ ሰው በተኛበት ሰዓት ወጥተው፥ አጋዘኑም ጠባቂውም ሳይነቃ ይመለሱ ነበር። ይህን ድፍረት እንበለው ወይስ ጥንቃቄ፥ በክፍላችን ተከራክረንበት አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን ማዕረጋቸውን ይዘው ከብራይስ ጐን ቢቆሙ ይሻል ነበር እንላለን። በስኮትላንድ ማንም ሰው በተራራና በሜዳ የመሄድ መብቱ በሕግ የተጻፈለት በ2003 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ዝርዝሩን በኪሱ የያዘ ሰው ወደ ተከለከለው ተራራ መሄዱን አልተወም ነበር።

ዝርዝሩን ሁሉ ወጥቶ ለመጨረስ የመጀመሪያ የሆኑት ግን መንሮ አይደሉም። ቄስ አርቺባልድ ሮበርትሰን የሚባሉ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው፥ ዝርዝሩን ይዘው ለብዙ ዓመታት ሲወጡ ቈይተው በ1901 በግሌንኮ ሸለቆ ባለው ሜል ጄራግ በሚባለው ተራራ ላይ ጨረሱ። ባለቤታቸውም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ሰዎች እንደሚተርኩት ቄሱ በደስታ መጀመሪያ በአናቱ ላይ ያለውን የድንጋይ ካብ፥ ቀጥለው ሚስታቸውን ሳሙ። ይህ ቅደም ተከተል በቤታቸው ምን እንዳስከተለ አልተጻፈም። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን የቄሱን ማስታወሻ ደብተር የመረመሩ ሰዎች ቤን ዊቪስ በሚባለው ተራራ ላይ ዝናብ መልሷቸው እንደ ነበር አገኙ። ሌላ ጊዜ ተመልሰው ወደ አናቱ መድረሳቸውን የሚያሳይ ጽሑፍ ባለመገኘቱ፥ በእርግጥ ሁሉን ጨርሰው ነበርን የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ስማቸው ግን ከአንደኛነቱ አልተፋቀም።

መንሮ በበኩላቸው የቀራቸው ጥቂት ነበር። ከቀሩባቸው መካከል ሁለቱን ማንሣት ይገባናል፤ አንዱን እምቢ ብሏቸው ሳይወጡት ቀሩ፥ ሁለተኛውን ደግሞ በፈቃዳቸው አቈዩት።

እምቢ ያላቸው በስካይ ደሴት የሚገኘው፥ እንግሊዞች የማይደረስበት ሹል የሚሉት ዐለት ነው። ስጉር ጄራግ ከሚባለው ተራራ አናት ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ ድንጋይ ሲሆን፥ ከተራራው አናት በ8 ሜትር ያህል ይበልጣል። በቀኝም በግራም ገደል ነው። ስሙ የማይደረስበት ይባል እንጂ ቻርልስና ሎውረንስ ፒልኪንግተን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1880 ወጥተውታል። መንሮ ግን ሩቅ መንገደኛ እንጂ በዐለት ላይ በእጅ የሚንጠላጠሉ ሰው አልነበሩም። የደሴቲቱም አየር እጅግ ክፉ ስለ ሆነ፥ ወደዚያ በሄዱ ጊዜ ዝናብና ነፋስ እየከለከላቸው ይመለሱ ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ በ1891ዱ ዝርዝር ተራራ ተብሎ የተቈጠረው ዝቅተኛው አናት እንጂ ከፍተኛው ሹል አልነበረም። ሹሉ ከጫፎች ወገን ብቻ ተመድቦ ነበር። ስለዚህ ተራሮችን ብቻ ጨርሼአለሁ ለማለት ለሚፈልግ ሰው ሹሉ አያስጨንቅም። መንሮ ግን የጻፉትን ሁሉ፥ ጫፎቹን ጭምር ስለ ፈለጉ ሳይደርሱበት ደረስሁ አላሉም።

በፈቃዳቸው ያቈዩት ካርን ክሎይህ ቩሊን የሚባለው፥ በኬርንጎርም ተራሮች ውስጥ ያለ ጉብ ነው። ትርጓሜው የወፍጮ ድንጋይ ጉብ ማለት ነው። 942 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ አቀበቱም ስለማይከብድ፥ ከሁሉ በመጨረሻ ከወዳጆቻቸው ጋራ በደስታ ሊወጡት አስበው ነበር። እርጅና ቢመጣ እንኳ ወደዚህ ለመድረስ አያዳግትም ብለው መሆን አለበት። የመጨረሻውን ቀላል ማድረግ የብልህ ሥራ ነው፤ እኛም ፈተና ስንቀመጥ ከባዱን ጥያቄ አስቀድመን ቀላሉን ለኋላ እናቈያለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ደወሉ ይቀድማል።

በ1913 አባታቸው ሞተው የአባታቸውን ማዕረግ ወረሱ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸው ለውትድርና ዕድሜያቸው አልፎ ነበር። ሆኖም በቤታቸው ለመቀመጥ ስላልወደዱ በ1915 ወደ ማልታ ደሴት ሄዱ። ከጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ቍስለኞች በመርከብ የሚመጡት ወደዚያች ደሴት ነበር። በቀይ መስቀል ሥር፥ የቈሰሉትንና የጠፉትን ወታደሮች ጉዳይ በሚከታተለው ክፍል ሠሩ። የተራራ ስም ሲመዘግቡ የኖሩት እጆች የሰው ስም ወደ መከታተል ዞሩ። የጠፋ ልጅ ወሬ ለሚጠብቅ ወላጅ፥ ያለ ስሕተት የተጻፈ አንድ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በዚያው ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አላረፉም። በደቡብ ፈረንሳይ ታራስኮን በምትባል ከተማ ለፈረንሳይ ወታደሮች የምግብና የማረፊያ ቤት አቋቋሙ። በዚያ ሳሉ ብርድ መታቸው፤ ብርዱም ወደ ሳንባ ምች ተለወጠና በ1919 ዓ.ም. ማርች 19 ቀን በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተወስዶ በሊንደርቲስ ተቀበረ። የወፍጮ ድንጋይ ጉብ ሳይወጡት ቀረ።

ለሁለተኛ እትም ሲያርሙትና ሲያስተካክሉት የቈዩት ዝርዝር ከሞቱ በኋላ በ1921 ታተመ። በዚህ እትም የማይደረስበት ሹል ከጫፍነት ወደ ተራራነት ከፍ ተደረገ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሁሉን ልጨርስ የሚል ሰው፥ ዐለት መውጣት ቢያውቅም ባያውቅም፥ ገመድ ታጥቆ በዚያ ስለት ላይ መሄድ ግዴታው ሆነ። ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚንቀጠቀጡት እዚያ ላይ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ጉብ ግን የተገላቢጦሽ ደረሰበት፤ በ1981 ማኅበሩ ዝርዝሩን ሲመረምር ራሱን የቻለ ተራራ አይደለም ብሎ ወደ ጫፍነት አወረደው። መንሮ ለመጨረሻ ደስታቸው ያቈዩት ተራራ ዛሬ ከመንሮ ተራሮች አንዱ አይደለም ማለት ነው። ዝርዝሩ በአዲስ መለኪያ እየተመረመረ አንዳንዱ ሲገባ አንዳንዱ ሲወጣ ቈይቶ፥ ከ2012 ጀምሮ 282 ሆኖ ይገኛል።

መንሮ የሚለው ስምም የሰው ስም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በስኮትላንድ ከ3000 ጫማ በላይ የሆነ፥ በዝርዝሩ የገባ ተራራ ሁሉ መንሮ ይባላል፤ ሕፃናት እንኳ ስንት መንሮ ወጥተሃል ተባብለው ይጠያየቃሉ። ከዚህ የተነሣ ሌሎች ሰዎችም ዝቅ ላሉት ተራሮች የራሳቸውን ዝርዝር አወጡ። ይህን ነገር የሚነቅፉም አሉ፤ ተራራን እንደ ቴምብር መልቀም ተራራውን አለማየት ነው ይላሉ። ነቀፋው ለአንዳንዱ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዝርዝሩ ባይኖር ሁሉም ሰው ወደ ቤን ኔቪስ ብቻ በሄደ ነበር። ከሩቅ ሸለቆ በስተኋላ ያለው፥ መልኩም የማያምረው ጉብ የሚጐበኘው ቍጥር ስላለው ነው። ያን ጉብ ለመቍጠር የወጣ ሰው ሳያስበው አጋዘን ያያል፥ ከእረኛ ጋራ ይጫወታል፥ ውሃ ይሻገራል፥ ጉም ሲገለጥ ስሙን የማያውቀውን ሌላ ሸለቆ ያያል።

የስኮትላንድ የተራራ ወጭዎች ማኅበር ሁሉን ተራራ የጨረሱትን ሰዎች ስም የሚጽፍበት መዝገብ አለው። የጨረሰ ሰው ደብዳቤ ይልካል፤ ተራ ቍጥርም ይሰጠዋል። አንደኛ ቄስ ሮበርትሰን ናቸው፤ ሁለተኛው በ1923 የጨረሱት ቄስ ሮናልድ በርን፥ ሦስተኛው በ1927 የጨረሱት ጄምስ ፓርከር ናቸው። ዛሬ በመዝገቡ የሰፈሩት ከ6000 በላይ ሆነዋል። ሐኪሞች፥ አስተማሪዎች፥ ጡረተኞች፥ ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ ይገኙባቸዋል። የሰር ሂው መንሮ ስም ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም።